የካምፑ ጉብኝትና የሐሙሱ ወዳጃ

መካነ ሰላም ሄጄ የወረዳው ማስታወቂያ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ስሆን ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ሥራዬ ሁለት ዓይነት ነው። በአዘቦት ቀን ዜና እለቅማለሁ፤ በገበያ ቀን ደግሞ ጣሪያችን ላይ በተሰቀለው ድምፅ ማጉያ የለቀምኩትን ለገበያተኛው አነባለሁ። ግንባሩ አገር በሚመራበት በዚያ ዘመን የኖረ ሰው ዜናው ምን ይመስል እንደነበር አይጠፋውም። እርከን ተሠራ፣ ችግኝ ተተከለ፣ አርሶ አደሩ ተደሰተ። አንድ ጊዜ አንድ ገበሬ ከወግዲ በኩል በእግሩ መጥቶ፣ "ተደስቷል ብለሽ ያነበብሽብኝ መቼ ነው?" ሲል አፋጠጠኝ። ደብተሬን ገልጬ ቀኑን ነገርኩት። "ያን ቀንማ በሬዬ የሞተበት ነው" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሰውዬውን ራሱን ሳልጠይቅ ማንንም ተደሰተ ላልል ለራሴ ማልኩ።

ቁጣዬ ቅርብ ነው። ከደጎሎ ስነሳ እናቴ ሻንጣዬን እያሰረች፣ "ሳትጣዪ አንድ ዓመት ከሠራሽ እኔ ስለት አለብኝ" ብላኛለች። ስለቷን እስካሁን አላስገባችም።

የተከራየሁት ቤት ባለቤት አንዲት መበለት ነበሩ። አንገታቸው ላይ ማተብ አለ፣ አፋቸው ላይ ደግሞ ወላሂ። አገሩ እንዲህ ነው፤ ማን በምን እንደሚምል ለማወቅ የሚቸገር እንግዳ ብቻ ነው። ሁለት ልጆች አሏቸው። ሴቷ አረብ አገር ናት፤ በወር አንድ ጊዜ ቴሌ ድረስ ታስጠራቸውና እየሳቁ ሄደው እየሳቁ ይመለሳሉ። የወንዱን ነገር ግን አያነሱም ነበር። ያነሱት ካምፑ ከመጣ በኋላ ነው።

የድንበሩ ጦርነት አብቅቶ ጦሩ ወደየቦታው ሲበተን፣ አንድ ክፍል መጥቶ ከከተማው ወጣ ብሎ ከጅረቱ ማዶ ካለው ሜዳ ላይ ድንኳኑን ተከለ። ከሰፈረ ሦስተኛው ሳምንት ላይ፣ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ካምፑን ሊጎበኝ ይመጣል ተባለ። ወሬውን የነገረን መንግሥት አልነበረም። ካምፑ ሁለት ሰንጋ ከገበያ ማስገዛቱን ያየ ሁሉ እንግዳ እንዳለ አወቀ። እኔም ካሜራዬን መወልወል ጀመርኩ። ጽሕፈት ቤቱ አንዲት ካሜራ ነበረችው፤ ሠላሳ ስድስት ፎቶ የሚይዝ ፊልም ትጎርሳለች፣ ቁልፏም የምትከፈተው በእኔ ጥፍር ብቻ ነው።

አከራዬ በሩ ላይ ቆመው ካሜራዋን ሲያዩ ቆዩና፣ "ከካምፑ ትገቢያለሽ?" አሉኝ።

"ታዲያስ! ከፊት ነው የምቆመው" አልኩ። ጉራዬም ቅርብ ነው።

"እንዲያ ከሆነ አንድ ነገር እይልኝ።" ከደፉ ላይ ተቀመጡና ነገሩን ዘረገፉት። ጦርነቱ ሲጀመር ልጃቸው አስራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። እዘምታለሁ አለ። እሳቸው አይሆንም አሉ። ጨርቁን አንጠልጥሎ ሲወጣ፣ ንዴታቸው አሸንፏቸው እዚያው ከበሩ ላይ ቆመው፣ "ይቺን ደፍ አልፈህ ከሄድክ ተመልሰህ እንዳትረግጣት ገዝቼሃለሁ" አሉት። ልጁ ዞር ብሎ አያቸው። ከዚያ ሄደ። አራት ዓመት ሙሉ ደብዳቤም ወሬም የለም።

"በወሎ የእናት ግዝት ቀልድ አይደለም ልጄ። ፊት ለፊት ያልሽውን ፊት ለፊት ካልፈታሽው እንዳሰረ ይኖራል። የኔታን ብጠይቃቸውም ይሄንኑ ነው ያሉኝ። ከሞተም ታስሮ ነው የሞተ።" ከዚያ በእጃቸው ወደ ካምፑ እያመለከቱ፣ "ወፍጮ ቤት፣ ከካምፑ ለውሃ ከሚወርዱት አንዱ የአገራችንን አነጋገር ይናገራል ሲሉ ሰማሁ። ረጅም ነው ልጄ። የግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። መኖሩን ብቻ አይተሽ ንገሪኝ" አሉ።

"አብሽሩ እማማ፣ ካለ አገኘዋለሁ" አልኳቸው። እንዲህ ያለ ቃል በነፃ ማከፋፈል ያኔ አይከብደኝም ነበር።

የጉብኝቱ ቀን ማለዳ፣ ካላንደር ላይ እንዳለች ሴት ተሽሞንሙኜ ወደ ካምፑ ወረድኩ። የእንግዳው መኪኖች አቧራውን እያጨሱ ሲያልፉኝ አንድ ፎቶ አነሳሁ። ከመኪኖቹ ኋላ የአገር ሽማግሌዎቹ ደረሱ፤ የሠፈራችን ሸህና የቤተ ክርስቲያኑ የቅኔ መምህር፣ የኔታ። እነዚህ ሁለቱ የማይገኙበት ሠርግም ለቅሶም ዕርቅም የለም። በእኛ አገር እንግዳ ሳይመረቅ አይሸኝም፤ ስለዚህ ካምፑም ጠራቸው። በሩ ተከፍቶላቸው ገቡ። እኔ ተከትዬ ልገባ ስል ክንድ ተዘረጋብኝ።

የክንዱ ባለቤት የካምፑ የሕዝብ ግንኙነት ሻምበል ነው። ለስለስ ያለ፣ ዕድሜው ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ ሰው።

"ጋዜጠኛ አይገባም እህቴ።"

"የወረዳው ነኝ።"

"የወረዳውም አይገባም።"

"ሽማግሌዎቹስ?"

"እነሱ ሊመርቁ ነው። አንቺ መመረቅ ትችያለሽ?"

"እችላለሁ።"

"እስቲ መርቂኝ።"

ንዴቱ አናቴ ላይ ወጥቶ ስለነበር አንድም ምርቃት አልመጣልኝ አለ። እርግማን ቢጠይቀኝ ተደርድሮ ይጠብቅ ነበር።

ሻምበሉ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ነገሩን አስረዳኝ። አዲስ ደንብ መጥቷል። ፖለቲከኛ ጦር ሰፈር ሲጎበኝ ጋዜጠኛ አይገባም፣ ፎቶ አይነሳም፣ የሚነገር ካለ ካምፑ ጽፎ ይሰጣል። "ምርጫ እየደረሰ ነው። ሁሉም ወታደር ከኋላው አሰልፎ ፎቶ መነሳት አምሮታል። ሠራዊት የማንም ፎቶ ማድመቂያ አይደለም።"

እውነቱን ለመናገር፣ ዛሬ ሳስበው ክፉ ሐሳብ አልነበረም። ያኔ ግን፣ "ታዲያ ፎቶ ካልተነሱ ለምን መጡ?" አልኩት።

"ይሄን እኔም አልጠየቅኩም።"

"እሺ፣ ለወታደሩ ቃል ቢገቡስ? እኔ ካልሰማሁ ነገ ማን ያስታውሳቸዋል?"

መልስ ያጣ ባለሥልጣን የሚያደርገውን አደረገ፤ ካሜራዬን ተቀበለኝ። ለመክፈት ሲታገል አይቼ ጥፍሬን አዋስኩት። ፊልሙን መዞ ኪሱ ከተተና ባዶዋን ካሜራ መለሰልኝ። ከአቧራዋ ፎቶ ጋር አንድ ወር ሙሉ ያነሳሁት እርከንና ችግኝ አብሮ ሄደ። አርሶ አደሮቹም አብረው ሄዱ፤ እነዚያን እንኳ ጠይቄያቸው በእውነት የተደሰቱ ነበሩ።

ከበሩ ማዶ ካለ ድንጋይ ላይ ሦስት ሰዓት ተቀመጥኩ። ከአጥሩ ጀርባ ጭብጨባ ይሰማል፣ ደሞ ጸጥ ይላል፣ ደሞ ይጨበጨባል። ረጅም የሆነ ወታደር ባለፈ ቁጥር አንገቴን ሰገግ ባደርግም፣ ከዚያ ርቀት የማንም ቅንድብ አይታይም። ዘበኛውን፣ "ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለው ልጅ አለ?" ብዬ ብጠይቀው፣ "ስለ ሰው አይወራም" አለኝና ወደ ሰማይ አየ።

ወደ ከተማ ስመለስ በቀጥታ ኃላፊዬ ቢሮ ገባሁ። የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ ጨዋ ሰው ነው፣ ፍርሃቱ ብቻ ትንሽ በዛ ይላል። መሳቢያውን ስቦ ደንቡ ያለበትን ደብዳቤ አሳየኝ። ከደረሰ ሳምንት አልፎታል።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"እይዋ፣ ጥብቅ ምስጢር የሚል ማኅተም አለበት። እንዴት ብዬ ልንገርሽ?"

ጋዜጠኛ እንዳይገባ የሚከለክለው ደብዳቤ ጋዜጠኛዋ እንዳታየው የተከለከለ ነበር። ሁለታችንም ተያየንና መሳቅ ጀመርን። ደንቡን የጻፈው ሰው ያን ሳቅ ቢሰማ ምን ይል እንደነበር አላውቅም።

ከባዱ ግን ቤት መግባቱ ነበር። አከራዬ በሩ ላይ ቆመው ሲጠብቁኝ አየሁ። ነጠላቸውን አጣፍተው ለብሰዋል፣ መርዶም ይሁን ምሥራች ሊቀበሉ የተዘጋጁ ይመስላሉ። "አላስገቡኝም" አልኳቸው። እሳቸው አልተቆጡም። "አይዞሽ፣ ደክሞሻል፣ ግቢ" አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። የዚያን ቀን በራሴ ጉራ እንዳፈርኩት ያህል በሌላ ነገር አፍሬ አላውቅም።

በማግስቱ ካምፑ የጻፈው ዜና መጣ። ሁለት መስመር ነው። "አንድ ከፍተኛ የሥራ ኃላፊ በአንድ የሠራዊት ክፍል ተገኝተው ጉብኝት አድርገዋል። በተመለከቱትም ነገር መደሰታቸውን ገልጸዋል።" ሳልጠይቅ ማንንም ተደሰተ አልልም ብዬ የማልኩት ሴት፣ የገበያው ቀን ይሄን ይዤ ድምፅ ማጉያው ፊት ቆምኩ። አነበብኩት። ታች ገበያው መሐል አንዱ በርበሬ ሻጭ፣ "ማን?" ብሎ ጮኸ። ሌላው፣ "የት?" አለ። አንዲት ሴት ደግሞ ከጤፍ ተራ፣ "ምን አይተው ነው የተደሰቱት?" አለች። ደሴ ለሥልጠና ሄደን ዜና የሚጀምረው በእነዚህ ጥያቄዎች ነው ብለው ሁለት ሳምንት አስተምረውናል። የመካነ ሰላም ገበያ ሳይሠለጥን ያውቃቸዋል። ማጉያውን አጥፍቼ ወረድኩ።

የቀሩኝ ሽማግሌዎቹ ብቻ ነበሩ። ከሁለቱ አንዳቸው ልጁን አይተውት ይሆናል ብዬ መጀመሪያ የኔታ ጋ ሄድኩ። ተማሪዎቻቸውን እያስቀጸሉ ነበር።

"የኔታ፣ ካምፑ ውስጥ ምን አዩ?"

"ለማንም አንናገርም ብለን ለሻምበሉ ቃል ሰጥተናል ልጄ።"

"አንድ ልጅ ብቻ ነው የምጠይቅዎ።"

"ቃል ሰጥተናል" አሉና ወደ ተማሪያቸው ዞሩ። ዓይናቸው ግን ሳቅ ሳቅ እያለ ነበር፤ ይሄን ያኔ ልብ አላልኩትም።

ሸሁም ያው ናቸው። የሳሳውን ጢማቸውን እየዳበሱ፣ "የሽማግሌ ቃል ነው፣ አይታጠፍም" አሉኝ። ተናድጄ ልነሳ ስል፣ "ሐሙስ ወዳጃ አለ፣ ነይ። አከራይሽንም ይዘሽ ነይ። እንዳትቀሩ" አሉ።

ወዳጃ የወሎ ሰው በአንድነት ተሰብስቦ ዱዓ የሚያደርግበት ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም ይመጣል፤ የታመመ፣ የተጣላ፣ ዝናብ የራቀው፣ ልጅ የራቀው። ሸሁ ይመርቃሉ፣ ሕዝቡ አሚን ይላል። በዱዓ መካከል መነሳትም ማቋረጥም የለም። አሚን አለማለት ደግሞ ከሰው ሁሉ ጋር መጣላት ነው።

ሐሙስ ከሰዓት የሸሁ ግቢ ሳር ተጎዝጉዞበት ሰው ጢም ብሎ ጠበቀን። ከአከራዬ ጋር ሴቶቹ መሐል ቦታ አገኘን፣ ብርዝ ሰጡን። ቀና ብል፣ ከሸሁ በስተቀኝ፣ በክብር ምንጣፍ ላይ፣ ሻምበሉ ተቀምጧል። የደንብ ልብሱን አውልቆ ጋቢ ለብሷል። ሸሁ ራሳቸው ጠርተውት ነው። የእኔ ፊት ምን እንደሚመስል አላውቅም፣ እሱ ግን ሲያየኝ ጋቢውን ሰብሰብ አደረገ።

ሸሁ እጃቸውን ዘረጉ፣ ግቢው ሁሉ እጁን ዘረጋ።

"ያ ረቢ፣ ለሻምበሉ ቃል ሰጥተን ነበር፤ ለሰው እንዳልተናገርን አንተ ታውቃለህ።"

"አሚን!" አለ ሕዝቡ። ሻምበሉም ደስ ብሎት ጮክ ብሎ አሚን አለ።

"በአንዲት ድንኳን አስራ ሁለት ሆነው የሚተኙትን ልጆች፣ ያ ረቢ፣ አንተ አስፋላቸው።"

"አሚን!" የሻምበሉ እጅ ትንሽ ወረድ አለ።

"እንግዳውን አመጣህልን፣ አየናቸው፣ መረቅናቸው። ጫማቸው አፉን የከፈተባቸውን ልጆች አይተው፣ ክረምቱ ሳይገባ አዲስ ጫማ ይደርሳችኋል ብለው ቃል ገብተዋል። ያ ረቢ፣ ሰው ናቸውና ይረሳሉ፣ አንተ አታስረሳቸው።"

"አሚን!"

በአገሩ ልማድ ከዚህ ላይ የኔታ ተቀበሉ። "የውሃው በርሜል ዝጎ ሆዳቸውን ለሚያማቸው ወታደሮች መድኃኔ ዓለም ንጹሕ ውሃ ያዝዝላቸው። እንግዳችንም በርሜሉ አጠገብ አልፈው ምንም ያላሉት ሳያዩት ቀርተው ነውና፣ ዓይናቸውን ያብራልን።"

"አሜን! አሚን!" ግቢው በሁለቱም አፍ መለሰ።

እኔ ከነጠላዬ ስር ጣቶቼን እየቆጠርኩ ነበር። ማን፣ የት፣ ምን፣ መቼ፣ ሁሉም መጣ። ሦስት ሰዓት ድንጋይ ላይ ተጎልቼ ያጣሁት ዜና፣ አንድም ሳይጎድል፣ ከእኔ አጻጻፍ በተሻለ ቅደም ተከተል እየተነበበ ነው። ሻምበሉን አየሁት። በእያንዳንዱ ምርቃት ድምፁ እያነሰ ይሄዳል፣ ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል፣ አሚኑ ግን አንዱም አልቀረም። ሊያቋርጥ አይችልም። ሊነሳ አይችልም። ጋዜጣ ቢሆን ይዘጋዋል፣ ፊልም ቢሆን ኪሱ ይከተዋል። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፤ በስተኋላ ትንሽ አዘንኩለት።

ከዚያ ሸሁ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ያ ረቢ፣ ከጅረቱ ማዶ አንድ ልጅ አለህ። ረጅም ነው። እናቱ በቁጣ ከደጇ ገዝታዋለች። ጦር ሜዳ ደርሶ አንተ መለስከው፣ ከቤቱ ትይዩ አምጥተህ አሰፈርከው። ሦስት ሳምንት ሙሉ የእናቱን ቤት ጭስ እያየ፣ ለውሃ ሲወርድ መንገዱን እያዞረ የሚሄደው ቃሏን ላለመድፈር ነው። ያ ረቢ፣ ያቺን እናት ምላሷን ፍታላት።"

ማንም አሚን አላለም። ሁሉም ሰው የማን ነገር እንደሆነ ስላወቀ ወደ አከራዬ ዞሯል። የያዙት ብርዝ ጉልበታቸው ላይ እየፈሰሰ ነው፤ እሳቸው አላዩትም። ጸጥታው እየረዘመ ሲሄድ ነው፣ ከምንጣፉ ላይ፣ የመጀመሪያው አሚን የመጣው። ሻምበሉ ነበር። ጮክ ብሎ፣ እንደ ትእዛዝ፣ "አሚን!" አለ። ያኔ ግቢው ሁሉ ተከተለው።

"አለ?" አሉ አከራዬ። "ልጄ በሕይወት አለ?"

ሸሁ ዓይናቸውን አልገለጡም። "ያ ረቢ፣ እኔ የምናገረው ለአንተ ነው። ልጁ በሕይወት እንዳለ፣ ጤናውም ደህና እንደሆነ፣ ሲስቅ አሁንም አፉን እንደሚሸፍን አንተ ታውቃለህ።"

ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ አለቀስኩ፤ ያን ጊዜ እንኳ የሚያለቅስ ሰው ሳይ የምናደድ ሰው ነበርኩ።

ዱዓው ሲያልቅ ሻምበሉ ወደ ሸሁ ጠጋ ብሎ፣ "አባ፣ ለማንም አንናገርም ብላችሁኝ አልነበር?" አለ።

"ለሰው አልተናገርንም" አሉ ሸሁ።

"አለማወቄ ነው እንዳልል፣ እኔም ከመቅደላ አምባ ስር ነው ያደግኩት" አለና ራሱን ነቀነቀ። "የአያቴ ወዳጃ ላይ የሠፈሩ ወሬ ሁሉ በዱዓ ነበር የሚወጣው። እንዴት ረሳሁት?" ከዚያ ወደ አከራዬ ዞሮ፣ "ካምፕ እንዳይመጡ እናቴ። የሚታየው ነገር አሁንም በዝቷል። ነገ ጠዋት እሱን እኔ እልከዋለሁ" አላቸው። እሳቸውም፣ "እኔም ካምፕ ምን ልሠራ? የገዘትኩበት ደፍ ያለው ቤቴ ነው" አሉ።

ዓርብ ጠዋት ሠፈሩ በሙሉ ሥራ ፈትቶ አጥራችን ላይ ተንጠለጠለ። ልጁ ሁለቱን ሽማግሌዎች ተከትሎ መጣ። ረጅም፣ ደልደል ያለ፣ ቆቡን በሁለት እጁ ይዟል። ጠባሳውን አየሁት፤ ከሦስት ሰዓት ጥበቃ በኋላ ያጣኋት ቅንድብ ይቺውና። ደፉ ጋ ሲደርስ ቆመ። እናቱ ከውስጥ፣ እሱ ከውጭ፣ መሐላቸው ያቺ አንድ ስንዝር እንጨት።

አከራዬ በዚያ ሁሉ መሐል ወደ እኔ ዞረው፣ "አንሺን እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?" አሉኝ። ካሜራዋ አንገቴ ላይ ነበረች፣ ፊልም ግን የላትም፤ ፊልሙ ሻምበሉ ኪስ ገብቶ ቀርቷል። ይሄን ለመናገር አፌ እምቢ አለኝ። ዓይኔን አስጠግቼ ቀጭ አደረግኩ። እሳቸው ነጠላቸውን አስተካከሉ። ደግሜ ቀጭ አደረግኩ።

"በንዴት ነው ያልኩት" አሉት ለልጃቸው። "አፌ ነው ያለው፣ ሆዴ አላለም። ፈትቼሃለሁ፣ ግባ።"

ልጁ እግሩን አላነሳም። "እማዬ፣ ድገሚልኝ" አለ።

"ፈትቼሃለሁ።"

"አንዴ ደግሞ።"

"ፈትቼሃለሁ አልኩ!"

"አንዴ ብቻ ደግሞ" አለ፣ አፉን በእጁ ሸፈነ። እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ ከእኔ ቦታ ሆኖ መለየት አይቻልም ነበር።

"አሁን ካልገባህ መልሼ ነው የምገዝትህ" አሉት። አጥሩ ላይ ያለው ሕዝብ ሳቁን ለቀቀው። ልጁ ጎንበስ ብሎ ቦት ጫማውን ፈታ፣ ከደፉ ውጭ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው፣ በካልሲው ገባ።

አዲሱ ጫማ በእርግጥ ክረምቱ ሳይገባ ለካምፑ ደረሰ። በርሜሉም ተቀየረ። እንግዳው አስታውሰው ይሁን ሻምበሉ በየሳምንቱ ሐሙስ አሚን ማለት ሰልችቶት ጽፎ ይሁን አይታወቅም። አከራዬ ግን ለዓመታት ባገኙኝ ቁጥር፣ "ፎቶውስ?" ይሉኛል። "ካምፑ ይዞታል" እላለሁ። ሻምበሉ አንድ ቀን ሰምቶኝ፣ "አዎ፣ እኛ ጋ ነው" ብሎ ጥፋቱን ወሰደልኝ።

ዓርብ ዓርብ የሳምንቱን ሪፖርት ሞልቼ አስረክባለሁ። ልጁ የገባ ቀን ወደ ቢሮ ስገባ ኃላፊዬ ወሬውን ከእኔ በፊት ሰምቶ ዓይኑ ቀልቷል። ወረቀቱን ዘረጋሁ። "በሳምንቱ የተሠሩ ዜናዎች" ከሚለው ፊት ለፊት "የለም" ብዬ ጻፍኩ። እሱም ሳያነብ ፈረመ። ምስክር ካስፈለገ መላው ሠፈር አለ፣ ለሰው ግን አልተናገርንም።

ከሥራ ስመለስ ከቤቱ ውስጥ ሳቅ ይሰማል። የልጁ ጫማዎች እንዳሉ ከደፉ ፊት ቆመዋል፣ ሁለቱም ከፊታቸው ተቀደው አፋቸውን ከፍተዋል። መንገድ ዘግተዋል ብዬ ወደ ጥግ ላደርጋቸው ጎንበስ አልኩ።

"ተዪያቸው ልጄ" አሉ አከራዬ ከውስጥ። "እዚያው ይቁሙ። የገባ የወጣው ሁሉ ይደናቀፍባቸው።"

ተደናቅፌ ገባሁ።